የአስካለ እግር

ባለፈው ቅዳሜ ቱሉ ዲምቱ እህቴ ቤት ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለ አስካለ አንድ ነገር ተናገረችና ቢላዋው ከእጄ አምልጦ ወለሉ ላይ ወደቀ። አስካለ ሰባ ሊሞላት ትንሽ ነው የቀራት፤ እኔ ሦስት ዓመት እከተላታለሁ። በዚህ ዕድሜዬ በእህቴ አፍ እደነግጣለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይሉ የለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አስካለ የመጨረሻ ልጇን ከዳረች ወር አልሞላትም። ሙሽራዋ ሕሊና ትባላለች፤ ዓይን አፋር፣ ቀስ ብላ የምትናገር ልጅ ናት። የራሳቸውን ቤት እስኪያገኙ ድረስ ባልና ሚስቱ ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ከአስካለ ጋር ይኖራሉ። ታዲያ ልጅቷ በገባች በሳምንቷ መብራት ጠፋና ሲመለስ ፍሪጁን አቃጠለው። ከዚያ ውሃ ሄደ። ከዚያ ደግሞ ልጁ የሚሠራበት የቂሊንጦ ፋብሪካ ሠራተኛ ሲቀንስ እሱም አብሮ ተቀነሰ። አስካለ ወደ ጓዳው በር በዓይኗ ጠቀስ አድርጋ፣ "ምን ይደረግ፣ እግሯ ነው እኮ። እግረ ደረቅ ናት" አለችኝ።

አስካለ! ይህን ቃል አስካለ ተናገረችው! ጎረቤት ብትለው ኖሮ ልክ ልኳን ነግሬ እገላገል ነበር። ጓዳ ውስጥ ሕሊና በጀሪካን ውሃ ሰሃን ታለቃልቅ ነበር፤ የሰሃኑ ድምፅ ድንገት ቆመ። ሰምታለች።

ስሜ ትዕግሥት ነው። ስሙን ያወጣችልኝን እናቴን ነፍሷን ይማረው፤ በጣም ተሳስታለች። ያን ቀን ግን አልጮህኩም። እህቴን ሳያት ፊቴ ድቅን ያለብኝ አንድ የበግ ግልገል ነበር፤ የኋላ እግሮቹን እየጎተተ የሚንቀጠቀጥ ግልገል።

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። አባታችን የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ስለነበር የምንኖረው አቃቂ ጣቢያው አጠገብ ነው። ቤታችን ሰዓት አልነበረም፤ እናቴ የምሳ ሽሮ የምትጥደው የባቡሩን ጡሩንባ ሰምታ ነው። ባቡሩ ያረፈደ ቀን እኛም ምሳ እናረፍዳለን። አስካለ በጥር መጨረሻ ስትዳር ግን የገባችው ሌላ ዓለም ውስጥ ነበር። ባሏ ገመቹ የክር ፋብሪካ ኤሌክትሪሺያን ይሁን እንጂ ቤተሰቡ ከፋብሪካዎቹ በፊት አገሩን ያረሱ ገበሬዎች ነበሩ። ቤታቸው ከወንዙ ማዶ፣ ወደ ቂሊንጦ በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር። ያን ጊዜ ዛሬ የሠራተኛ አውቶቡስ የሚርመሰመስበት ሁሉ ጤፍና ሽምብራ ነበር፤ ክረምት ላይ ጥቁር አፈሩ ጫማ ከነካልሲ ይነጥቃል።

ሠርጉ ያለ ከበሮ ነበር ያለፈው። የገመቹ አባት አባባ ቱፋ ሰኔ ላይ ሞተው ቤቱ ገና ሐዘን ላይ ነበር። "እኔ ሞትኩ ብላችሁ ልጆቹን እንዳታቆዩ" ብለው ስለተናዘዙ ብቻ አስካለ በዝምታ ገባች። የሟች ሚስት እማማ ጫልቱ ጥቁራቸውን ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ተላጭተው፣ ጥግ ላይ ተቀምጠው ተቀበሏት። ሐዘናቸው የዋዛ አልነበረም። አባባ ቱፋ በሕይወት ሳሉ ከብቱንና በጎቹን በየጊዜው ሆራ ያወርዱ ነበር፤ የግማሽ ቀን መንገድ ሄዶ ከሚገኝ ጨው ጨው ከሚል ምንጭ ያጠጧቸዋል። ወንዶቹ መንገዱን ሁሉ እየዘፈኑ ነው የሚነዱት። ሲመለሱ ደግሞ ቦሌ የሚባለውን ጨዋማ አፈር በአህያ ጭነው ይመጣሉ፤ ከብቱ ቤቱ ሆኖ ሲልሰው ይከርማል። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ እማማ ጫልቱ ሆራውንም ቦሌውንም አስቀሩ። "ዘፋኙ ሞቶ ማን ይዘፍናል?" አሉ፤ ማንም አልተቃወማቸውም። ሐዘን ቤት ነዋ።

የካቲት ሲገባ በጎቹ መውለድ ጀመሩ። እኔ ሁልጊዜ ቅዳሜ ቅዳሜ በፈረስ ጋሪ እየሄድኩ እህቴ ዘንድ አድር ነበር። ሁዳዴ ስለነበር ተልባ ፍትፍትና ቆሎ ይቀርብልኛል፤ እማማ ጫልቱ በሐዘናቸውም መሐል ሆነው ሳልበላ አይለቁኝም። አንድ ቅዳሜ ግን ማንም ብይ አላለኝም። አስካለ እጄን ይዛ በቀጥታ ወደ በጎቹ በረት ወሰደችኝ።

ግልገል ሲወለድ አይቼ አውቃለሁ። እናቱ ትልሰዋለች፣ ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ደግሞ ይወድቃል፤ ብዙም ሳይቆይ ጡት ፍለጋ ይገባል። ያን ቀን ያየሁት ግን እንዲያ አልነበረም። ፊቱ ደህና ነው። ዓይኑ ንቁ ነው። ሲጮህም ድምፁ ሙሉ ነው። ከወገቡ በታች ግን የሱ አካል አይመስልም ነበር። በፊት እግሮቹ ይነሳና የኋላዎቹን ይጎትታል፤ መላ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ በጎኑ ይዘረራል። እናቱ ጡቷን አቅርባለት ትቆማለች፤ እሱ አይደርስበትም።

"በስመ አብ! ምን ሆኖ ነው?" አልኩ።

"ይሄ ሦስተኛው ነው" አለች አስካለ። "ሁለቱ ሞቱ። ከገባሁ ወዲህ የተወለደ ሁሉ እንዲህ ነው።"

"ታዲያ አንቺ ምን አገባሽ?"

አስካለ በዓይኗ ወደ በሩ አመለከተችኝ። በረቱ በር ላይ የገመቹ አጎት አባባ በዳዳ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ወደ ግልገሉ አላዩም። የሚያዩት የእህቴን እግር ነበር። ያን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ እንኳን ሙሽራ ድንጋይ የሚያሳፍር አስተያየት ነው። አስካለ እግሮቿን ከቀሚሷ ሥር ደበቀች።

ማታ መኝታችን ላይ በጆሮዬ ነገረችኝ። "ትዕግሥቴ፣ አርግዣለሁ መሰለኝ። ለማንም እንዳትናገሪ። የኔም ልጅ እንደዚያ ግልገል ሆኖ ቢወለድስ?"

ምን ብዬ እንደመለስኩላት አላስታውስም። እጇ በረዶ እንደነበር ግን አስታውሳለሁ።

ከዚያ ወዲያ በወደቀ ግንድ ላይ ምሳር በዛበት። ውሃ ቀጂዎቹ፣ ለማልቀስ የሚመጡት፣ ሽምብራ ሊገዙ የሚመጡት ሁሉ ይህንኑ ያወራሉ። ያለ ከበሮ የገባች ሙሽራ፣ እግረ ደረቅ፣ ገደ ቢስ። አባባ በዳዳ እኔ እየሰማሁ እማማ ጫልቱን፣ "ቤትሽን አድኚ። ለዳግም ትንሣኤ ሽማግሌ እንቀመጥና ልጅቷ በክብር ወደ አባቷ ትመለስ" አሏቸው። እማማ ጫልቱ ዝም አሉ። ያ ዝምታ ከንግግሩ ይልቅ አስደነገጠኝ፤ ምክንያቱም አስካለን የሚወዷት ይመስለኝ ነበር።

ለእናቴ ስነግራት ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩ። እናቴ ግን ወንበሯን ሳብ አድርጋ ተቀመጠች። ከዚያ ምን ብትል ጥሩ ነው? "አስካለ የተወለደች ዕለት እኮ የአባትሽ ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ነበር።"

"እማዬ!"

"አስታወስኩ እንጂ ምን አልኩ?" አለችኝና ዓይኗን መለሰች።

የገዛ እናቷ! ለካ ከወንዙ ወዲህና ወዲያ ያለ ሰው በዚህ ጉዳይ ልዩነት የለውም። ያኔ ነው ለእህቴ የሚቆምላት ሰው ካለ እኔ ብቻ እንደሆንኩ የገባኝ። ባሏ ገመቹ ደግ ሰው ነው፤ ግን ከእናቱ ፊት ሲቆም የሚናገረው ነገር ከጉሮሮው ይመለሳል።

የእንስሳት ክሊኒኩ ከተማው ውስጥ ነበር፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ያላት አንዲት ክፍል። በማግስቱ ሰኞ ትምህርቴን ትቼ፣ አዲስ የተወለደ ሽባ ግልገል ዘንቢል ውስጥ ከትቼ ጋሪ ላይ ወጣሁ። ገመቹ ነው ከእናቱ ተደብቆ የሰጠኝ። መንገዱን ሁሉ ግልገሉ ጭኔ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ጋሪ ነጂው ዞር እያለ፣ "በርዶት ነው እንዴ?" ይለኛል። ነጠላዬን አለበስኩት። መንቀጥቀጡ ግን የብርድ አልነበረም።

ሐኪሙ ገና ወጣት ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ልጅ ነበር ማለት ይቻላል። ግልገሉን ጠረጴዛ ላይ አቁሞ ለቀቀው። ወደቀ። ደግሞ አቆመው። ወደቀ። "ይህ አይድንም" አለኝ። "ከፈቀድሽልኝ ግን ምን እንደሆነ ልናውቅ እንችላለን።" ፈቀድኩ። በመርፌ አስተኛውና ራሱን ሲከፍት ዓይኔን መጨፈን ነበረብኝ፤ አልጨፈንኩም።

የበግ ጭንቅላት በየፋሲካው ሲፈለጥ ያላየ ማን አለ? ውስጡ ነጭና ጠጠር ያለ ነው። የዚህኛው ግን ነጩ ሥጋ መሆን በነበረበት ቦታ ላይ ጉድጓድ ነበረው፤ ጉድጓዱም ውስጥ ዝልግልግ ውሃ አለ። ያ ንቁ ዓይን፣ ያ ሙሉ ድምፅ፣ ከበስተጀርባው ይህ ነበር። ግድግዳውን ያዝኩ።

"ተቀመጪ" አለኝ ሐኪሙ። ውሃ አጠጣኝና ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ነርቭ ማለት ከክር የቀጠነ ነገር ነው፤ ከአንጎል ተነሥቶ በሕብለ ሰረሰር በኩል ትእዛዝ ይዞ ወደ እግር ይወርዳል። ክሩ ራቁቱን ከሆነ ትእዛዙ ይንቀረፈፋል፤ መንገድ ላይም ይጠፋል። ስለዚህ ነጭ፣ ስብ የበዛበት ልባስ ያስፈልገዋል፤ ማይሊን ይባላል። ልባሱን የሚያለብሱት ትንንሽ ሕዋሶች ናቸው። አንዷ ሕዋስ ክንዷን ትዘረጋና እንደ ቄስ ጥምጣም ዙር በዙር ትጠመጥምበታለች። ጥምጣሙ ሲያልቅ ትእዛዙ እየዘለለ ይሮጣል።

"የዚህ ግልገል ጥምጣም አልተጠመጠመም። የተጠመጠመውም ፈራርሷል" አለ።

"መቼ ነው የሚጠመጠመው?" አልኩት። ይህን ጥያቄ በምን መላ እንዳሰብኩት አላውቅም፤ የእህቴ ዕድል ያለው ግን እዚያ ውስጥ ነበር።

"እንደ እንስሳው ነው። ግልገል፣ ጥጃ፣ ውርንጭላ በተወለዱበት ሰዓት መቆም አለባቸው፤ ጅብ አይጠብቃቸውም። ስለዚህ የእግራቸው ጥምጣም ገና እናታቸው ሆድ ውስጥ እያሉ ይጠመጠማል። በጎቻችሁ ያረገዙት መቼ ነው?"

"መስከረም ላይ።"

"እንግዲያው ይህ ጉዳት የጀመረው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው።"

ከወንበሬ ዘልዬ ተነሣሁ። "እህቴ እኮ የገባችው በጥር መጨረሻ ነው!"

ሐኪሙ አልገባውም። ስለ እግር፣ ስለ ሙሽራ፣ ስለ ሽማግሌ አንድ ላይ ሳወርድበት አፉን ከፍቶ ሰማኝ። ከዚያ ድንገት ፊቴ ጨልሞ ጠየቅኩት፤ "የሰውስ? የሰው ልጅም ሆድ ውስጥ ነው የሚጠመጠመው?"

"የሰው ልጅ፣ ቡችላ፣ የድመት ልጅ፣ እነዚህ ገና ሳይጠመጠምላቸው ይወለዳሉ። ትንሽ ጀምሮ ነው፤ ዋናው ሥራ ከውልደት በኋላ ነው። አንጎል ውስጥ ከኋላ ጀምሮ ወደ ፊት ይሄዳል። ሕፃን አንገቱን የሚያቀናው፣ የሚቀመጠው፣ ዓመት ሲሞላው የሚቆመው ጥምጣሙ እየደረሰለት ስለሆነ ነው። መጨረሻ የሚደርሰው ግንባር ጋ ያለው ማሰቢያው ነው፤ እሱ ሃያ ዓመትም አልፎት አያልቅም። ስንት ዓመትሽ ነው?"

"አሥራ ሰባት።"

"አንቺም ገና እየተጠመጠምሽ ነው" አለና ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ በረዶ የነበረው የአስካለ እጅ ትዝ ብሎኝ ነበር።

ምክንያቱን ሲነግረኝ ደግሞ ሌላ ድንጋጤ መጣ። ለጥምጣሙ መዳብ ያስፈልጋል አለ፤ ትንሽ፣ እጅግ ትንሽ። እናት በግ መዳብ ካጣች ጉበቷ ያጠራቀመውን እየበላች ትቆያለች፤ እሱ ሲያልቅ ጉዳቱ ሆዷ ውስጥ ባለው ላይ ይወድቃል። ምን እንደሚበሉ ጠየቀኝ። ሳርና ጭድ አልኩት። "ቦሌስ? ሆራስ ይወርዳሉ?"

ዘፋኙ ሞቶ ማን ይዘፍናል!

ሐኪሙ እርግጠኛ ለመሆን መጥቶ ከእናት በጎቹ ደም ቀዳና ወደ ላቦራቶሪ ላከ። እማማ ጫልቱ የሚቀዳው ለክትባት መስሏቸው ዝም አሉ። ውጤቱ የፋሲካ ሳምንት ደረሰ፤ እንዳለው ነበር። እኔ በደስታ እየበረርኩ ለአስካለና ለገመቹ ነገርኳቸው። ማን ደስ ይበለው! ሁለቱም ፊታቸው ተለወጠ።

"ለእናቴ ምን ብዬ ነው የምነግራት?" አለ ገመቹ። የሽቦ ማሸጊያ ናስትሮውን በጣቱ ላይ እየጠቀለለ ይፈታል። "ለአባቴ ያለቀስሽው ልቅሶ በጎችሽን ገደለ ልበላት?"

"ካልነገርካት ሚስትህን ታጣለህ!"

አስካለ ናት የመለሰችልኝ። "ትዕግሥት፣ አትናገሪ። እኔ ወጣት ነኝ፤ አባቴ ቤት እንጀራ አላጣም። እሳቸው ግን የቀራቸው ሐዘናቸው ብቻ ነው። ለእኔ ብላችሁ እሱን አትቀሟቸው።"

ሆዷ ውስጥ ልጅ ይዛ ነው እንዲህ ያለችው። ደነገጥኩ፣ ተናደድኩ፣ አለቀስኩም። በመጨረሻ ገመቹ ሽማግሌዎቹ ፊት እሱ ራሱ በዘዴ እንደሚናገር ማለልኝ።

የዳግም ትንሣኤ እሑድ ሽማግሌዎቹ ዋርካው ሥር ተቀመጡ። ጾሙ ስለተፈታ ጭኮ ቀርቧል፤ ቅቤው ፀሐይ ላይ ያብረቀርቃል፤ ማንም ግን እጁን አልዘረጋም። አባታችንም ተጠርቶ መጥቶ የባቡር ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። አስካለ ነጠላዋን ተከናንባ ከሴቶቹ ጋር ቆማለች። እግሮቿን ዛሬም ደብቃለች።

አባባ በዳዳ ብዙ ተናገሩ። ጥፋት የለባትም አሉ፤ ጨዋ ናት አሉ፤ ግን ገድ የፈጣሪ ነው፣ ቤትና እግር ካልተስማማ ሰው ምን ያደርጋል አሉ። ከዚያ ገመቹን፣ "አንተስ ምን ትላለህ?" አሉት።

ገመቹ ተነሣ። እናቱን አየ። ሚስቱን አየ። አፉን ከፈተ፤ መልሶ ተቀመጠ።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። እኔ መቼ ወደ መሐል እንደገባሁ አላውቅም፤ ሽማግሌዎቹ መሐል ቆሜ ራሴን አገኘሁት። "የእህቴ እግር አይደለም!" አልኩ። "ግልገሎቹ የተጎዱት ኅዳር ላይ ነው፣ ሆድ ውስጥ! ኅዳር ላይ አስካለ እኛ ቤት ድንች ስትልጥ ነበር!"

"ይህቺን ልጅ ማን አስገባት?" አሉ አባባ በዳዳ። አባቴ ተነሥቶ ክንዴን ያዘኝ። እኔ ግን ወንዝ ሆኜ ነበር፤ ስለ ክሩ፣ ስለ ጥምጣሙ፣ ስለ ጉድጓዱ እንደመጣልኝ አወረድኩት። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዱም የገባው አይመስልም።

ያን ጊዜ ገመቹ ተነሣ፤ አሁን የምር ተነሣ። ከኪሱ ቁራጭ ሽቦ አወጣና በፒንሳው ልባሱን ገፈፈው። "እማዬ፣ ይህን ታውቂዋለሽ። ልባሱ የተገፈፈ ሽቦ ፋብሪካ ውስጥ ምን ያደርጋል?"

"ያቃጥላል። ማሽኑም ይቆማል" አሉ እማማ ጫልቱ። ልጃቸው በየቀኑ ሥራውን ስለሚያወራላቸው ያውቃሉ።

"የግልገሎቹ ሽቦ ልባስ የለውም። ልባሱን የሚሠራው መዳብ ከእናቶቹ ደም አልቋል። ከዚህ ቀደም የሚያገኙት…" እዚህ ላይ ቆመ። አልቻለም።

እማማ ጫልቱ ግን ሞኝ አልነበሩም። ዕድሜ ልካቸውን ከበግ ጋር የኖሩ ሴት ናቸው። ዓይናቸው ከልጃቸው ወደ በረቱ፣ ከበረቱ ወደ ሆራው መንገድ ሄደ። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ፤ ያን ፊት ባላየሁት ይሻለኝ ነበር። "ሆራው ነው?" አሉ በቀስታ። "ያ ዋቃዮ! እኔ ነኝ? ለቱፋ ብዬ?"

ሴቶቹ ሊያለቅሱ ሲጀምሩ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኟቸው። ከዚያ ተነሥተው ወደ ቤት ገቡ። ቆዩ። አባባ በዳዳ አንድ ጊዜ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

ሲወጡ ሳፋና ለብ ያለ ውሃ ይዘው ነበር። ለሽማግሌዎቹ እጅ ማስታጠቢያ የመጣ መስሎኝ ነበር። እማማ ጫልቱ አልፈዋቸው ሄደው አስካለ ፊት ተንበረከኩ። ያ ሁሉ ሰው "ኧረ! ኧረ!" አለ። በኛ አገር ምራት የአማቷን እግር ታጥባለች እንጂ አማት የምራቷን ስታጥብ ማን አይቶ ያውቃል? አስካለ ጮኻ ወደ ኋላ አለች፤ እሳቸው ቁርጭምጭሚቷን ያዙ።

"ቁጭ በይ ልጄ" አሉ። "መንገደኛ ሲገባ እግሩ ይታጠባል። አንቺ ስትገቢ ውሃ አላቀረብኩልሽም። ሐዘኔን ብቻ ነው ያየሁት።"

ያ የአስካለ እግር፣ ሁለት ወር ከቀሚስ ሥር የተደበቀው፣ ሁሉም እያየው ሳፋው ውስጥ ገባ። አባባ በዳዳ ባርኔጣቸውን አውልቀው መሬት መሬቱን ያዩ ነበር። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ቦሌው በአህያ መጣ። ዘግይተው ያረገዙት በጎች ሰኔ ላይ ሲወልዱ የመጀመሪያው ግልገል ወድቆ፣ ተነሥቶ፣ ደግሞ ወድቆ፣ ጡቱ ላይ ደረሰ። እማማ ጫልቱ እልል አሉ፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የመጀመሪያ እልልታቸው ነበር። ጥቅምት ላይ አስካለ ወንድ ልጅ ወለደች። እኔ የሐኪሙን ቃል ባውቅም፣ ያ ሕፃን አንገቱ እየተንከባለለ ሲተኛ ሳየው ሆዴ ይባባ ነበር። እማማ ጫልቱ ግን ሁልጊዜ ጠዋት ቅቤ ቀብተው እግሮቹን እያሹ፣ "ና እስቲ ሽቦህን እናልብስህ" ይሉታል። ቅቤው ሽቦ ጋ እንደማይደርስ ነገርኳቸው። "አንቺ ደግሞ ሁሉን ማወቅሽ!" ብለው አባረሩኝ። ልጁ ዓመት ከጥቂት ሲሞላው ቆመ፤ ሦስት እርምጃ ሄዶ አያቱ ቀሚስ ላይ ወደቀ።

እንግዲህ ባለፈው ቅዳሜ ቢላዋው ከእጄ ሲወድቅ ይህ ሁሉ ነው በፊቴ ያለፈው። አስካለ፣ "ምን ሆንሽ? ቆረጠሽ እንዴ?" አለችኝ።

"አስኬ፣ ያን ቀን ዋርካው ሥር እማማ ጫልቱ ምን አሉሽ ነበር?"

መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ገባት። ፊቷ ላይ ደም የቀረ አልመሰለኝም። ቁልቁል አየች፤ ያበጡ፣ ሪህ ያጣመማቸው የገዛ እግሮቿን አየች። የገዛ አፏ እንዳስደነገጣት ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ሐኪሙ ማሰቢያው ሃያ ዓመት አልፎት ይደርሳል ብሎኝ ነበር። ልባሱስ ይደርሳል፤ ጠባሳው ግን እንዴት እንደሚሆን አልነገረኝም። ለካ ሰው የተወጋበትን ጦር ሳያውቀው አርባና ሃምሳ ዓመት ቤቱ ያስቀምጣል።

"ሕሊና!" አለች አስካለ። "ነይ እስቲ ልጄ።"

ሕሊና እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። ዓይኗ ቀልቷል። እግሮቿን ወደ ኋላ ሰብሰብ አድርጋ ስትቆም አየኋት፤ ያቺው አቋቋም ናት።

"ትዕግሥት፣ ሳፋውን አቀብዪኝ" አለች እህቴ።

"ውሃ እኮ የለም። ያለችው የነገ ወጥ መሥሪያ ጀሪካን ናት።"

"እሷኑ አምጪያት።"

ከሶፋው ላይ ወርዳ ለመንበርከክ ትከሻዬን መደገፍ ነበረባት፤ ጉልበቷ ሲንቋቋ ይሰማኛል። ሕሊና፣ "ኧረ እማዬ! ኧረ በማርያም!" እያለች ልትሸሽ ስትል አስካለ ቁርጭምጭሚቷን ያዘች። "ቁጭ በይ። ስትገቢ ውሃ አላቀረብኩልሽም" አለቻት። እኔ ከጀሪካኑ አፈሰስኩ፣ እህቴ አጠበች፣ ልጅቷ አለቀሰች።

እሑድ ወጥ አልተሠራም፤ ቆሎ በላን። ውሃው እስከ ዛሬ አልመጣም፤ ፍሪጁም አልተሠራም።